ገባለት ወይስ ገባበት?

በአማርኛ አንዲት ፊደል ሰው ታድናለች፤ አንዲት ፊደልም ሰው ታጠፋለች። «ዳኛው ፈረደለት» ከተባለ ሰውየው ቤቱን አስመልሷል ማለት ነው። «ዳኛው ፈረደበት» ከተባለ ግን ዕቃውን ጠቅልሎ እየወጣ ነው። ዳኛው ያው ነው፣ ችሎቱ ያው ነው፣ ግሡም ያው ነው። «ለ» ሄዳ «በ» ተተካች፣ በቃ። መሰከረለትና መሰከረበት፣ ተናገረለትና ተናገረበት፣ ዘነበለትና ዘነበበት እያልን ብንቀጥል ገጹ አይበቃንም። ይህን ቋንቋ ያቆዩልን ሰዎች አንድ ድርጊት ለሰውየው ይሁን በሰውየው ላይ ሳይለዩ ዓረፍተ ነገር መዝጋት አልወደዱም።

ሆስፒታል ስንገባ ግን ይህ ጥንቃቄ በር ላይ ይቀራል። እዚያ ሁሉ ነገር «ለት» ነው። ግሉኮስ ተሰቀለለት። ኦክስጅን ተደረገለት። መርፌ ታዘዘለት። ካቴተር ገባለት። የዛሬው ወጋችን በዚህች በመጨረሻዋ ላይ ነው። ካቴተር ማለት በሽንት መውጫ በኩል እስከ ሽንት ፊኛ ድረስ የሚገባ፣ በሌላ ጫፉ ከአልጋው ጎን ከተንጠለጠለ ከረጢት ጋር የሚያያዝ ቀጭን ቱቦ ነው። አስታማሚዎች «የሽንት ላስቲክ» ይሉታል። ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ወይም ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

የምለው ነገር አጭር ነው። ቱቦው በገባበት ቀን «ገባለት» ትክክለኛ አማርኛ ነው። የገባበት ምክንያት ካለፈ በኋላ እዚያው ከሰነበተ ግን ሰዋስዉ ተለውጧል፤ «ገባበት» መባል አለበት። መከራው ግን «ለ» ወደ «በ» የተለወጠችበትን ቀን የሚመዘግብ ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለ ሽንት በአደባባይ መጻፍ ነውር የሚመስለው አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አልፈርድበትም። በልቦለዶቻችን ሰው ሲታመም ያተኩሰዋል፣ ይቃዣል፣ ይናዘዛል፣ ያማረ ስንብት ይሰናበታል፤ ሲሸና የምናየው ግን ከስንት አንዴ ነው። በየቤታችንም «ደጅ ልውጣ» እንጂ በስሙ አንጠራውም። ጨዋነት ነው፣ ይሁን። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያለውም ይኸው ጨዋ ሕዝብ ነው። ዛሬ ከሁለቱ ጨዋነቶች ሁለተኛውን መርጠናል።

መሣሪያውን ራሱን እንዳናማው እንጠንቀቅ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው ባለፊኛ ካቴተር የአሜሪካዊው የሽንት አካላት ሐኪም የፍሬደሪክ ፎሊ ስም ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተስፋፋ ፈጠራ ነው። ከዚያ በፊት ቱቦው እንዳይወጣ ከሰውነት ጋር ማሰር ወይም በፕላስተር መለጠፍ ያስፈልግ ነበር። አዲሱ ቱቦ ግን ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ አለችው፤ ከገባ በኋላ በውሃ ትሞላለች፣ እሷም እንደ ቁልፍ ትይዘዋለች። የሽንት ፊኛ ውስጥ ሌላ ፊኛ ማለት ነው። ብልኅ ሥራ ነው። ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንቱ ለተያዘበት ሽማግሌ፣ ያ ቱቦ የገባበት ደቂቃ ከጭንቅ የወጣበት ደቂቃ ነው። ያየ ያውቀዋል።

ለእኛ አገር ደግሞ ይህ ቱቦ ሌላም ውለታ አለው። ካትሪን እና ሬጂናልድ ሐምሊን የሚባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ የፊስቱላ ሆስፒታል ማቋቋማቸውን የማያውቅ የለም። ምጥ ለቀናት ይዟት፣ አካሏ ተጎድቶ፣ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ከሰው የተገለለች ሴት እዚያ ትጠገናለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሰፋው ቁስል እስኪድን ሽንቱ በሌላ መንገድ መውጣት አለበት፤ ያ መንገድ ካቴተር ነው። ቱቦው ባይኖር ስፌቱ ይፈታል። እንዲህ ያለው ካቴተር ሙሉ በሙሉ «ገባላት» ነው።

ግን ልብ በሉ፤ እዚያም ቢሆን «ስንት ቀን?» ተብሎ ተጠይቋል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስምንት የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ቀላል ፊስቱላ የተጠገነላቸውን ሴቶች በሁለት መድቦ ለግማሾቹ ካቴተሩን በ7ኛው ቀን፣ ለግማሾቹ በ14ኛው ቀን አወጣላቸው። በ7 ቀን የወጣላቸው ሴቶች ስፌት ከሌሎቹ የባሰ አልተፈታም። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ለቀላል ፊስቱላ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል ብሎ መከረ። እንግዲህ አስቡት፤ ቱቦው የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ እንኳ ሳምንቷን ለማትረፍ ስምንት አገር ተሰባስቦ ተመራመረ። የግድ በማያስፈልግበት አልጋ ላይ ግን ቀኑን የሚቆጥር የለም።

ቀን መቁጠር ለምን ያስፈልጋል? ጤነኛ ሰው በሸና ቁጥር ቧንቧውን እያጠበ ነው። ከውጭ ሽቅብ ለመውጣት የሚሞክረውን ባክቴሪያ ሽንቱ ጠራርጎ ይመልሰዋል። ካቴተር ሲገባ ይህ እጥበት ይቀራል። ባክቴሪያው በቱቦው ውጭ ታክኮ ሽቅብ ይወጣል፤ ወይም ከረጢቱና መጋጠሚያው ሲነካካ በቱቦው ውስጥ ይገባል። ከገባ በኋላ ቱቦው ላይ ተለጥፎ፣ ራሱን በሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ሸፍኖ ይቀመጣል። ጭቃ ምንጣፍ እንደለበሰ የወንዝ ድንጋይ አስቡት። መድኃኒቱ ከላይ ያልፋል፤ ከሥር ያለው ይተርፋል።

የዕለቱ አደጋ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ካቴተር ካለው ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለአንድ ቀን ኢምንት ነው። በሳምንት ግን ኢምንት አይደለም፤ በወር ገደማ ደግሞ ባክቴሪያ የሌለበት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ባክቴሪያ የተገኘበት ሁሉ ታመመ ማለት ባይሆንም፣ ከመካከላቸው ትኩሳት የሚይዛቸው፣ ኩላሊታቸው የሚጠቃ፣ ሲብስም ባክቴሪያው ደማቸው ውስጥ ገብቶ ሕይወታቸውን የሚያሰጋ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሰዎች መካከል በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ ሳይዙት የመጡትን ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ይሸምታሉ ብሏል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከነዚህ ግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚይዘው ደግሞ አብዛኛው ከዚህ ቱቦ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ አዲስ ወሬ ቢሆን ኖሮ ባላስደነቀኝ። አዲስ አይደለም። ፖል ቢሰን የተባሉ ስመ ጥር አሜሪካዊ የሕክምና ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ «በካቴተር ላይ የቀረበ ክስ» ሊባል የሚችል ርእስ ያለው አጭር ርእሰ አንቀጽ ጻፉ። ገጹ ሦስት ብቻ ነው። እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ከተመዘነ ርእሱ ብቻውን ሙሉ ማርክ ያሰጣል፤ መሣሪያን ችሎት ያቆመ ርእስ ነውና። ክሱ ግን መሣሪያው ይጥፋ የሚል አልነበረም፤ ሐኪሙ ቱቦውን ከማስገባቱ በፊት ጥቅሙና ጉዳቱን በውል ይመዝን የሚል ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ኩኒን እና ማኮርማክ የተባሉ ተመራማሪዎች ቱቦውና ከረጢቱ አየር ሳያስገቡ ተዘግተው ሲያያዙ ኢንፌክሽኑ በእጅጉ እንደሚዘገይ አሳዩ። ቀድሞ ሽንቱ ወደ ክፍት ዕቃ ይፈስ ነበርና በአራት ቀን ውስጥ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይበከሉ ነበር። ዝግ መሆኑ ቀን ገዛ። የማስወጣትን ጥያቄ ግን አልመለሰም። የተገዛውን ቀን እኛ በመርሳት ጨረስነው።

በመርሳት ስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። የሆስፒታሉን ስም እንተወው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጭናቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ካቴተር የገባላቸው ለቀዶ ሕክምናው ነው፤ ተገቢ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ልጠይቃቸው ስሄድ ዘጠነኛ ቀናቸው ነበር፤ ቱቦው አለ። የምታስታምማቸው ልጃቸው ነበረችና ነርሷን በትሕትና ጠየቀቻት።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ላስቸግርሽና፣ ይሄ ነገር የሚወጣላቸው መቼ ነው?»

«እሱ ዶክተር ሲያዝ ነው፣ የኔ እህት።»

ጥቂት ቆይቶ ዶክተሮቹ መጡ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰባት ያህል ናቸው። አልጋውን ከበቡ፣ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩ፣ ስለ እግሩ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፣ «አይዞዎት አባባ» አሉ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። ልጅቷ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። በኋላ «ለምን አልጠየቅሽም?» አልኳት።

«ጋሼ ደግሞ! እንዴት ብዬ ነው ዶክተሩን እንደዚያ የምለው? እሱ ሳያውቀው ይቀራል ብለው ነው?»

በማግስቱ ምሽት መምህሩን ትኩሳት ያዛቸው። እግራቸው በሚድንበት ሳምንት ሽንታቸው አስተኛቸው፤ ወደ ቤት የሚገቡበት ቀንም ራቀ።

የልጅቷ ጥያቄ በእኔ ዘንድ የቀልድ ያህል አልታየኝም። «እሱ ሳያውቀው ይቀራል?» ለሚለው በሌላ አገር በትክክል መልስ ተሰጥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር በተያያዙ አራት ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ሐኪሞችና ተማሪዎች «ከምትከታተሏቸው ሕሙማን ካቴተር ያለው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ አቀረበ። ካቴተር እንዳለው ያላወቁት ከሕክምና ተማሪዎች 21 በመቶ፣ ከኢንተርኖች 22 በመቶ፣ ከሬዚደንቶች 27 በመቶ፣ ከሲኒየር ሐኪሞች ደግሞ 38 በመቶ ሆኑ። ማዕረግ በጨመረ ቁጥር አለማወቅ ጨመረ! ቱቦው ያላስፈለገው ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ የመዘንጋቱ መጠን ከዚህም በላይ ነበር።

ይህን ቁጥር ሐኪም ለማሳጣት አላነሳሁትም። ሲኒየሩ የሚያስበው ስለ ልብ፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ስብራት ነው፤ ከብርድ ልብስ ሥር ያለች ቱቦ ከዓይኑ ብታመልጥ አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ «ይውጣ» የማለት ሥልጣን ያለው ከሁሉ ያነሰ የማየት ዕድል ያለው ሰው ነው። ነርሷ ታየዋለች፤ ከረጢቱን የምትቆጣጠረው እሷ ናት፤ ግን «ዶክተር ሲያዝ»። አስታማሚዋ ታየዋለች፤ ሲሞላ የምትደፋው እሷ ናት፤ ግን «እንዴት ብዬ»። ታማሚው ይሰማዋል፤ ግን ማን ይጠይቀዋል? ያየ አይናገርም፤ የሚናገር አላየም። ይህ ነገር የሕክምና ብቻ ይመስላችኋል? ቀበሌውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ መሥሪያ ቤቱን አስቡት። ለስብሰባ አዳራሽ ብቻ የሚመጥን አመል ነው ስንለው የኖርነው ዝምታ ፊኛችን ውስጥ ገብቶ ትኩሳት ሆኖ ወጣ።

ትእዛዙም ራሱ ጉድለት አለበት። ቱቦው ሲገባ ይታዘዛል፤ የሚወጣበት ቀን ግን አብሮ አይጻፍም። መግቢያ ያለው፣ መደምደሚያ የሌለው ጽሑፍ ነው። «ተደረገለት» የሚለው ግሥ ደግሞ አድራጊውን ይሰውራል። ማን አደረገው? ተደረገለት። ማን ያውጣለት? ያስገባው የማይታወቀውን የሚያወጣውም አይታወቅም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ቱቦው የሚቆየው በመርሳት ብቻ አይደለም። ስለሚመቸንም ነው። በሌሊት አንዲት ነርስ ስንት አልጋ ትጠብቃለች? ሽንት ቤቱ ከአልጋው ስንት እርምጃ ይርቃል? ውሃስ አለው? መነሣት የማይችልን ሽማግሌ ደግፎ የሚያስነሣ፣ ፖፖ የሚያቀርብ፣ አንሶላ የሚቀይር እጅ ሲጠፋ ቱቦው ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል። ደመወዝ አይጠይቅም፣ ፈረቃ አይቀይርም። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ግን ሽንቱን መቆጣጠር ላቃተው ሰው በነርስ እንክብካቤ ፈንታ ካቴተር አታድርጉ ይላል። ሽንት ለተያዘበት፣ የሽንቱ መጠን በትክክል መለካት ላለበት ጽኑ ሕመምተኛ፣ ለተወሰኑ ቀዶ ሕክምናዎች፣ በመጨረሻ ዕድሜው ዕረፍት ለሚያስፈልገው ሰው ይፈቅዳል። ለቀዶ ሕክምና የገባው ደግሞ የሚያቆይ ምክንያት ከሌለ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢመረጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ይውጣ ይላል። መምህሩ ዘጠነኛ ቀናቸው እንደነበር አስታውሱ።

እኛ ቤተሰቦችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሴት ልጅ ለአባቷ፣ ወንድ ልጅ ለእናቱ ፖፖ መያዝ ያሳፍራል። ቱቦው ይህን ኀፍረት ይሸፍንልናል። አንዳንዱ ጠያቂ ደግሞ ቱቦ በበዛ ቁጥር ሕክምናው የጠነከረ ይመስለዋል፤ «ሁሉ ነገር ተደርጎለታል» ብሎ በእርካታ ይወጣል። ታማሚው ግን ታስሯል። አንዳንድ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2002 ካቴተርን ከአልጋ ጋር ማሰሪያ ገመድ ነው እስከማለት ደርሰዋል። ከረጢቱን ተሸክሞ መሄድ የሚያፍር፣ ቱቦው የሚስበው ሰው አይነሣም፤ ያልተነሣ አዛውንት ደግሞ ጉልበቱ በቀን በቀን ይከዳዋል።

ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው? አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን የሚሸፍነው የመንግሥት የጤና መድን ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2008 ጀምሮ፣ ሆስፒታል ውስጥ በካቴተር ምክንያት ለመጣ ኢንፌክሽን ተጨማሪ ክፍያ አልከፍልም አለ። ያስያዝከውን አንተው አክም እንደ ማለት ነው። ነገሩ ከሆስፒታሉ ኪስ ደረሰ። እኛ ጋ የሚረሳውና የሚከፍለው የተለያዩ ናቸው። ቱቦውንና ከረጢቱን «ከውጭ ግዙ» ተብሎ የገዛው ቤተሰቡ ነው፤ ትኩሳቱ ሲመጣ አንቲባዮቲኩን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረውም እሱ ነው፤ ለተጨማሪዎቹ ቀናት ሥራ የሚፈታውም እሱ ነው። የመርሳት ሒሳብ ለረሳው ሰው የማይደርስ ከሆነ፣ መርሳት ምን ያስከፍላል?

አንቲባዮቲኩ ካነሣነው አይቀር፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ቱቦ ያለበት ሰው ሽንት ተመርምሮ ባክቴሪያ ቢገኝ፣ ትኩሳትም ሕመምም ከሌለው፣ በአብዛኛው መድኃኒት አያስፈልገውም። «ላቦራቶሪው አወጣበት» ተብሎ ጠንካራ መድኃኒት ሲሰጥ የሚሞተው ደካማው ባክቴሪያ ነው፤ ብርቱው ተርፎ ይራባል። ቀጥሎ አልጋው ላይ የሚተኛው ሰው የሚወርሰው እሱን ነው። በአንድ ሰው ላይ የተረሳ ቱቦ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

መድኃኒቱ ውድ ቢሆን ኖሮ «ድሆች ነን» ብለን ዝም እንል ነበር። ግን አይደለም። በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል?» የሚል ማስታወሻ በየቀኑ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ፣ ወይም ቱቦው ቀኑ ሲደርስ እንዲወጣ አስቀድሞ ሲታዘዝ፣ ከካቴተር ጋር የተያያዘው ኢንፌክሽን በ52 በመቶ ቀነሰ። ማሽን አልተተከለም። አዲስ መድኃኒት አልተገዛም። አንድ ጥያቄ ነው የተጨመረው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በ603 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ዘመቻ ሲካሄድ በተራ የሕሙማን ክፍሎች ኢንፌክሽኑ በ32 በመቶ መቀነሱን ዘገበ። በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም። ይህን የማነሣው ለእውነቱ ነው፤ ጥያቄው ሁሉንም አይፈታም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል «አዎ፣ ያስፈልጋል» የሚል መልስ ይበዛል። በተራው ክፍል ግን ብዙው መልስ «ለካ አያስፈልግም» ነው።

«ነርሷ ሐኪሙን ሳትጠብቅ እንድታወጣው ይፈቀድላት ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። ሐኪሞቹ አስቀድመው በጽሑፍ በተስማሙበት ደንብ ከሆነ፣ አዎ። ሌላ አገር ይሠራበታል። ማን እንደሚወጣለትና ማን እንደማይወጣለት በወረቀት ተዘርዝሮ ሲሰጣት ነርሷ የምትፈጽመው የሐኪሙን ትእዛዝ ነው፤ ልዩነቱ ትእዛዙ ከሰውየው ማዕረግ ወርዶ ከአልጋው ራስጌ መድረሱ ነው። «ማዕረጌ ተነካ» የሚል ሐኪም ካለ፣ ከሦስቱ አንዱ በላይ የማያውቀውን ነገር በመተው የሚጎድልበት ክብር ምን እንደሆነ ይንገረን።

ለቤተሰብም ሥራ አለ፤ ከሥራው በፊት ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ቱቦውን በገዛ እጃችሁ እንዳትስቡ! ፊኛዋ በውሃ እንደ ተሞላች ከተጎተተ ቧንቧውን ይቀዳል፣ ያደማል። የሚያወጣው ባለሙያ ነው። የእናንተ ሥራ ሌላ ነው። ከረጢቱ ምን ጊዜም ከታማሚው ወገብ ዝቅ ይበል፤ ሲዘዋወር አልጋው ላይ አትጫኑት፤ መሬትም ላይ አታስተኙት። ቱቦውን ከከረጢቱ አትንቀሉት። ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ወይም የእንብርት በታች ሕመም ካለ ሳታፍሩ ተናገሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ጠይቁ። ሆስፒታል ጥየቃ ስንሄድ ብርቱካንና አጥሚት ይዘን፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለን፣ ጥቂት ቁጭ ብለን እንወጣለን። ደግ ባህል ነው። ስሙም «ጥየቃ» ነው፤ ግን አንዳች ነገር ሳንጠይቅ የምንመለስ ብቸኛ ጠያቂዎች ሳንሆን አንቀርም። ከእንግዲህ ከብርቱካኑ ጋር አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዘን እንግባ፤ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ይሄ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?» ሐኪሙ «አዎ፣ በዚህ ምክንያት» ካለ እሰየው፤ ገባለት ነው። ዝቅ ብሎ አይቶ «አሃ» ካለም እሰየው። በዚያው ቀን ይወጣለታል።